የሸፈቱት ሻለቃ

ወታደር ጡረታ ይወጣል፤ የወታደር አሠልጣኝ ግን ጡረታ ሲወጣ ታይቶ አይታወቅም። በየሰፈሩ አንድ አለ። ጫማውን ወልውሎ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ዘመቻ የሚሄድ ይመስላል።

ክቡር ሻለቃ ዕድሜያቸውን የፈጁት ቀላል እግረኛ ጦር ሽምቅ ተዋጊን እንዴት እንደሚረታ በማስተማር ነው። ትምህርቱ ከቤትም አልቀረ። «በሄድክበት መንገድ አትመለስ፤ ደፈጣ ይጠብቅሃል» እያሉ ሰፈሩን ዞረው ሲመጡ ዳቦው ይቀዘቅዛል። ከገበያ ሲመለሱም «ቀላል እግረኛ ሸክም አያበዛም» ይሉና ዘንቢሉን ለሚስታቸው ይተዉላታል። ሚስቲቱ ልጆቿን አሳድጋ የዳረችው ይህን ስብከት እየሰማች ነው።

አንድ ቀን ሐኪማቸው፣ «ሻለቃ፣ ስኳርዎ ጨምሯል፤ ጣፋጭ ካልተዉ እግርዎ ያሰጋኛል» አለቻቸው። ለእግረኛ ጦር ሰው ከዚህ የባሰ ምን ይባላል? «ተረድቻለሁ» ብለው እጅ ነሡ። በማግስቱ ሸፈቱ። ከረሜላው በሬዲዮው ጀርባ፣ በመዶሻው ሣጥን፣ በካፖርቱ ገበር ውስጥ መሸገ።

ሚስቲቱ ይህን ስትደርስበት መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ተቆጣች። ኋላ ግን የባሏ ቃል ትዝ አላት፦ «ኮረብታ ለኮረብታ አታሳድዱ፤ ሕዝቡን ያዙ።» ነጠላዋን አጣፍታ ሱቅ ወረደች።

«ወንድሜ፣ ከረሜላ እየሸጥክ ባሌን እንዳታሳጣኝ።»

«ኧረ እኔ የለሁበትም እማማ። ጫማ ጠጋኙ ነው የሚገዛላቸው።»

ጫማ ጠጋኙም ሳይውል ሳያድር እጁን ሰጠ።

«የሰፈሩ ሰው ምን ነካው? ሲያየኝ ይሸሻል» አሉ ሻለቃ።

«ስንቅህ ተቆርጧል፣ ሻለቃዬ።»

«ይህን ደግሞ ማን አስተማረሽ?»

«አንተ ነሃ። ራት ባቀረብኩ ቁጥር።»

ከወራት በኋላ ሐኪሟ ስኳሩ መውረዱን፣ እግራቸውም ደኅና መሆኑን አበሰረቻቸው። እንደ ልማዳቸው በሌላ መንገድ ዞረው ተመለሱ። ሚስቲቱ ካፖርታቸውን ስትሰቅል ገበሩ ውስጥ አንዲት ከረሜላ ዳሰሰች። አወጣቻት። ልትጥላት ስትል ሌላ ትምህርት መጣባት፦ «የከበብከውን መፈናፈኛ አታሳጣው፤ መውጫ የሌለው ሰው እስከ ሞት ይዋጋል።» መልሳ ከተተቻት።

ከራት በኋላ ሻለቃ ከረሜላዋን ለሁለት ሰብረው መጡ።

«አይተሽ አልፈሻታል።»

«ምኗን?»

«የወረቀቷን ጭራ ወደ ላይ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኳት። ተገልብጣ አገኘኋት።» ግማሿን መዳፏ ላይ አኖሩላት። «እንኪ፤ የምርኮ ድርሻሽ ነው።»

ሚስቲቱ እየሳቀች ጉንጯ ውስጥ ወሸቀቻት።

«በል እስቲ፣ ስለ ደፈጣ ያልነገርከኝ ካለ ንገረኝ።»

ያልነገሯት አልነበረም። ግን ጀመሩላት፤ እሷም አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ትናንት እንደ ገባ ምልምል አዳመጠቻቸው።