መምህር ታፈረና የፈላ ውሃ

እናንተዬ፣ «የዛሬ ልጆች መሸምደድ አቃታቸው» ብላችሁ ስታማርሩ እሰማለሁ። እስኪ ተዉአቸው! ሽምደዳ ማየት ከፈለጋችሁ የእኛን ታፈረን ማየት ነበረባችሁ።

ቢቸና አብረን ተምረናል፤ በንጉሡ ጊዜ። ታፈረ የጤና አጠባበቅ መጽሐፉን ከነሽፋኑ ውጦት ነበር። ተነስ ሲሉት ይነሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ይለቀዋል። «ሥዕሉን ተመልከቱ» የሚለውን እንኳ አያስቀርም። የቱን ሥዕል? ማን ጠይቆት! መምህራችን ደስታቸውን አይችሉትም፤ እኛ ላይ ያፈጣሉ። መሃል ላይ ካቋረጡት ግን ጉድ ነው፤ እንደገና ከምዕራፉ መጀመሪያ ይነሳል።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሆናል? አስተማሪ ነዋ! ሁለታችንም ሞጣ ተመደብን። ታፈረ «ያልፈላ ውሃ በሽታ ያመጣል!» ይላል፤ ክፍሉ ተቀብሎ ያስተጋባል። ድምፃቸው ገበያው ድረስ ይሰማል። ከዚያ ሲያስተምር የደረቀ ጉሮሮውን ለማርጠብ ቤቱ ይገባና ከምንጭ የተቀዳውን ውሃ በጣሳ ግጥም ያደርጋል።

አንድ ክረምት ልጁ እናኑ ታመመች። ተቅማጥና ትኩሳት። ገና ድክ ድክ የምትል፣ አባቷን በር ላይ የምትጠብቅ ልጅ ዓይኗ ጎደጎደ፣ አንገቷን መሸከም አቃታት። ታፈረ አቅፏት፣ እኔ ጃንጥላ ይዤ፣ በዝናብ ጤና ጣቢያ ሮጥን። የሚያክመው ድሬሰር ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነበር። ልጅቱን እየመረመረ፣

«ውሃ እያፈላችሁ ነው የምትጠጡት?» አለ።

ታፈረ ዓይኑን ጨፈነ። ልጁ ክንዱ ላይ እያቃሰተች «ምዕራፍ ሦስት፤ ውሃና ጤንነት» ብሎ ጀመረላችሁ! አንድም ቃል አልሳተም።

«ኧረ መምህር፣ መጽሐፉን አልጠየቅኩዎትም» አለ ድሬሰሩ። «ቤትዎ ውስጥ ይፈላል ወይ?»

ታፈረ ዓይኑን ገለጠ። እንደዚያ የደነገጠ ሰው አይቼ አላውቅም።

«እሱ እኮ... ለፈተና ነው» አለ።

እግዜር ይመስገን፣ እናኑ ዳነች። ታፈረ ግን ተበላሸ። ድስትና የከሰል ምድጃ ይዞ ክፍል ይገባ ጀመር። ውሃ ያፈላል። «ለምን ይመስላችኋል?» ይላል። ተማሪዎቹ ይከራከራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንዷማ ለአጎቷ የቀረበውን ውሃ «አልፈላም» ብላ ደፋችበት አሉ። ይሄ ትምህርት ነው?

ኋላ ኢንስፔክተር መጡ። ከታፈረ ክፍል አንዲቱን አስነስተው ስለ ውሃ ጠየቋት። ልጅቱ ያየችውን በራሷ አፍ አስረዳች።

«መጽሐፉ እንዲህ አይልም» አሉ ኢንስፔክተሩ ፊታቸውን አጨፍግገው።

ታፈረን ወደ የጁቤ አዛወሩት። ቅጣት መሆኑ ነው። ሲነገረው አልተከራከረም፤ «ለመሆኑ የዚያ አገር ውሃ እንዴት ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

እኔስ? የእኔ ክፍል ያንኑ ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር ባንድ ትንፋሽ ለቀቀው። ኢንስፔክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ዳይሬክተር አስደረጉኝ። ውሃ አፍልቼ አውቅ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።