ፋሲካ መጋቢት 38 ሲውል

አሥራ አንድ ሺህ ብርና አንድ መጋዘን። ነገሩ የተያዘው በእነዚህ ነው።

ብሩ ለአሮጌ ላፕቶፕ ወጥቷል። መጋዘኑ ደግሞ እዚህ ላሊበላ ካለችኝ ባለ ሰባት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ጓሮ ነው ያለው፤ ገብስ አኖርበታለሁ። የእህቴ ልጅ እናትነሽ የኮምፒውተር መምህርት ናት። "ጋሼ፣ መጋዘኑን ማስተማሪያ ላድርገው" ማለት ከጀመረች ዓመት አልፏታል። እኔ ተሳላሚ በአንዲት በቅሎ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም እያመላለስኩ የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ በነፃ መስጠት ከየት ልመድ? ስለዚህ ተዋዋልን። ኮምፒውተሩ የመጪዎቹን አሥር ዓመታት ፋሲካ በትክክል ካወጣ መጋዘኑ የእሷ ነው። እስከ ቅዳሜ ማታ ካላወጣ ላፕቶፑ ይሸጣል፣ ወሬውም ይቀራል።

ለምን ፋሲካ አትሉኝም? ገና ቢንቀሳቀስ በአንድ ቀን ነው። ፋሲካ ግን ይዞራል፤ እንግዳ ደግሞ ክፍል የሚይዘው ዓመት ቀድሞ ነው። አንድ ጊዜ ሳምንት ተሳስቼ ሰባቱም ክፍል አራት ሌሊት ባዶውን አደረ። አባዙት እንግዲህ።

እናትነሽ ፓይተን የሚሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ ለጀማሪ የተሠራ መጻፊያ ከፈተችልኝ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፤ ይህን ወደድኩለት። ከላይ ትጽፋለህ፣ አረንጓዴዋን ምልክት ትጫናለህ፣ ከታች ይመልስልሃል። ፕሪንት፣ አሳየኝ ማለት ነው፣ ብዬ በቅንፍ ውስጥ ሰባትን በአራት አባዛሁ። ሃያ ስምንት አለኝ። ቁስሌን ነካው፤ ግን እውነቱን ነው።

ስሌቱን የሚያውቁት መሪጌታ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። ቅዳሜ ከገነተ ማርያም ለገበያ ሲመጡ ያዝኳቸው። ማመሳከሪያ እንዲሆነኝ በመጀመሪያ አሥሩን ፋሲካ ጠየቅኳቸው። በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ አንድ ጣሳ ጠላ ሳይጨርሱ ነገሩኝ። ጽፌ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ እናትነሽ እሳቸው ስሌቱን ሲነግሯት ወደ ኮምፒውተሩ ልትጽፍ ተቀመጠች።

"መጀመሪያ በስመ አብ በዪ" አሏት። ጽሑፍ ያለ እሱ ይጀመራል እንዴ? ጻፈች። አረንጓዴዋን ብትጫን ከታች ቀይ በቀይ ሆነ፤ መስመር አንድ ስህተት ነው ይላል። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

"በስመ አብን ስህተት ያለ ነገር፣ ፋሲካን ሊነግረኝ?"

"የኔታ፣ ይቀመጡ" አለች እናትነሽ። "ከፊቱ ይቺን መሰላል የምትመስል ምልክት ላድርግበት። ያኔ ኮምፒውተሩ ዘልሎት ያልፋል፤ አያነበውም።"

"ድሮስ ለእሱ መች ተጻፈ? የሚያነበው ያነበዋል" ብለው ተቀመጡ።

የስሌቱን ቁጥሮች፣ ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን በቃላቸው አወረዱት፤ እሷም መስመር በመስመር ጻፈች። አረንጓዴዋን ተጫነች። የመጀመሪያው ዓመት ልክ ወጣ። ሁለተኛው፦ ፋሲካ መጋቢት 38። ወረቀቴን ባይ ሚያዝያ 8 ይላል። ከአሥሩ አምስቱ እንዲህ ናቸው፤ አንዱማ መጋቢት 46 ድረስ ሄዷል። መሪጌታ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"በይ እንግዲህ፣ ጾሙን አስረዘምሽብን!"

እናትነሽ ፊቷ ጠቆረ። እኔ የላፕቶፕ ገዢ ማሰብ ጀመርኩ። ድንገት ቀና አለች።

"የኔታ፣ ቁጥሩ ከሠላሳ ሲያልፍ ምን ይደረጋል?"

"ሠላሳው ይገደፋላ! ወሩም ይዞራል። ይሄም ይነገራል?"

"አልነገሩኝም እኮ።"

"ተማሪዬ ሁሉ ያውቀዋል።"

"ይሄኛው ተማሪ የገባው ዛሬ ነው።"

መሪጌታ ጣሳቸውን አስቀመጡ። ስንት ደቀ መዝሙር ያወጡ ሰው ናቸው። "ለካ እኔም ስናገር እዘላለሁ" አሉ።

ጥቂት መስመር ጨመረች። አሥሩም ከወረቀቴ ጋር ገጠሙ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ቁልፉን ሰጠኋት። መሪጌታ ደግሞ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርት ቦታ ይያዝልኝ ብለዋታል፤ በነፃ።

እንተሳሰብ እንግዲህ። የወጣው፦ አሥራ አንድ ሺህ ብር፣ አንድ መጋዘን፣ ሦስት ጣሳ ጠላ። ገብሱም አልጋዬ ሥር ነው። የገባው፦ አሥር ፋሲካ። አሥሩ ፋሲካ ግን፣ ልብ በሉልኝ፣ ኮምፒውተሩ አንድ መስመር ሳይጻፍበት በአንድ ጣሳ ጠላ ኪሴ ገብተው ነበር። ያላመሳከረ ይከስራል ስል ነው የኖርኩት። እኔ ግን የከሰርኩት በማመሳከሬ ነው።