ድምፁ የቀረው የደምሰው ቪዲዮ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ።

ሐሳቤ የባለቤቴ ቪዲዮ ላይ ስለነበር ነው መሰለኝ። ደምሰው ሊያርፍ ሁለት ወር ሲቀረው የልጄ ልጅ ኤፍራታ፣ ሠርግ በምትቀርጽበት ትልቅ ካሜራ በረንዳ ላይ ቀርጻው ነበር። ያ ካሜራ ጥሬ ቪዲዮ፣ ማለት ቀለሙ በኋላ የሚወጣለት ግራጫ ምስል፣ ሲቀርጽ ምስሉ የሚቀመጥበት ካርድ ቶሎ ይሞላል፣ ድምፅም አይዝም። ድምፁ በስልክ ለብቻው ይቀዳና፣ መጀመሪያ ላይ በተጨበጨበች አንድ ጭብጨባ ከምስሉ ጋር ይገጠማል። ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ፣ ድምፁ ገና ሳይገለበጥ፣ የኤፍራታ ስልክ ውሃ ገባበትና ሞተ። ይኸው ዓመት ሙሉ የደምሰው ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የሚለውን አላውቅም። ድምፁም ከጆሮዬ እየጠፋ ነው።

በሕልሜ ከተማው ሁሉ ግራጫ ነበር። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ካሜራዎች ፎቶ ሊነሱ ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱ አንገቱ ላይ ሰው አንጠልጥሏል። እኔንም አንዱ አንስቶ አንጠለጠለኝ።

«ከበድኩህ?» አልኩት።

«ኧረ እንዲያውም ቀለሉኝ። የት ላድርስዎት?»

«ደምሰው ጋ። ቀስ ብለህ ሂድ፣ ሌንስህ እንዳይሰበር።»

በገበያው መሃል ሄድን። እዚያ ድምፆች ያለ ባለቤት ይዘዋወራሉ። የአንድ ሰው ሳል ቲማቲም ይመርጣል። የአንዲት ሴት ሳቅ ታክሲ ውስጥ ገብቶ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

ደምሰው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰውነቱ አመድ መስሏል። ክው አልኩ።

«ምነው? አመመህ እንዴ?»

«አላመመውም» አለች ሽርጥ የታጠቀች ዶሮ። ብሩሽ ይዛለች። «ጥሬ ስለሆነ ነው፤ ቀለሙን አሁን አወጣለታለሁ።»

ጉንጩን አቀላችው። ሹራቡን አረንጓዴ ልትቀባ ስትል ጮህኩባት።

«ቡኒ ነው! እኔ ነኝ የሠራሁለት!»

ቡኒ ቀባችው። ደምሰው አየኝና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ምንም አልተሰማም።

«ያጨብጭቡ እንጂ» አለች ዶሮዋ።

አጨበጨብኩ። ሳሉ ቲማቲሙን ጥሎ መጣ፤ ሳቁ ከታክሲው ወርዶ መጣ። የኔ ሰው ድምፅ ግን የለም። እንደገና አጨበጨብኩ። በመጨረሻ የደምሰው ድምፅ ከዘራውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ በሩ ላይ ደረሰ።

«ግባ፣ ብርድ ነው! ደረጃው ያዳልጣል፣ ግድግዳውን ያዝ። በልተሃል? ጫማህ ረጥቧል እንዴ? በዚህ ነፋስ ያለ ኮት?» አልኩት።

ድምፁ ደፉ ላይ ቆሞ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ኧረ ያስገቡት» አለች ዶሮዋ።

«እያስገባሁት አይደል! አንተ፣ አንገትህን ሸፍን...»

«እቴቴ! እቴቴ፣ ተነሺ፣ ተገኘ!»

ዓይኔን ስገልጥ ኤፍራታ ናት። አንድ ስልክ ጠጋኝ ከሞተው ስልክ ውስጥ ድምፁን አውጥቶላታል። ከምስሉ ጋር ገጥማው ኮምፒውተሯን ጭኔ ላይ አስቀመጠች። ቀለሙም ወጥቶለታል፤ ሹራቡ ቡኒ ነው። ማዳመጫውን እሷ አደረገችልኝ።

ጭብጨባዬ ጧ አለ። ቀጥሎ የተሰማው የራሴ ድምፅ ነው። «ይሄ ገመድ እሳት አያስነሳም? ልጄ፣ ፀሐዩ ዓይኑ ላይ ነው። ውሃ አምጪለት። ደምሰው፣ ዘንበል አትበል።»

የደምሰው ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ከኔ ድምፅ ሥር ቀስ ያለ ነገር ሰማሁ። ኤፍራታን ድምፁን ጨምሪው አልኳት።

«ሹራብህን ቆልፈው» ይላል የኔ ድምፅ።

«እሺ።»

«ከዘራህን አጠገብህ አድርገው።»

«እሺ።»

«ከደከመህ ደግሞ ንገረኝ፣ ዝም እንዳትለኝ።»

«እሺ» አለ ደምሰው፤ የካሜራው ካርድ እዚያ ላይ ሞልቶ ምስሉ ቆመ።