ሚካኤልን የማይዘል ዳንቴል

«እጅ ሥራ ሲፈታ ምላስ ሥራ ይይዛል» ይል ነበር አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና። ይህን የሚለው ለሰፈራችን ወሬኞች ነበር። እሱ ራሱ ግን እጁ ሥራ ይዞም ምላሱ አያርፍም፤ እያረሰ ያወራል፣ እያጨደ ያወራል፤ አንዳንዴ በሬዎቹ ትልሙ መካከል ላይ ቀጥ የሚሉት ደክሟቸው ሳይሆን ወሬው ሰልችቷቸው ይመስለኛል። እኔ ግን አባባሉን ወድጄ ያዝሁት። ሰውን ሁሉ ለሁለት ከፈልሁበት፦ የሚሠራና ስለሚሠራው የሚያወራ። እናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ አልጠይቃችሁም። ይህን ለማንበብ እጃችሁን ስላሳረፋችሁ ብቻ አላማችሁም።

ለነገሩ በእኛ አገር ሥራም እንደ ሰው ወንድና ሴት አለው። ድንጋይ ወንድ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። አስቸጋሪው ክር ነው። ጥጡን ሴት ትፈትለዋለች፤ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲወረውረው ወንድ ይሆናል። ያው ክር መረብ ሆኖ ጣና ላይ ሲጣል ሱሪውን እንደታጠቀ ነው። ዳንቴል ሆኖ ሶፋ ላይ ሲወጣ ግን ቀሚስ ይለብሳል። መረቡም ቀዳዳ፣ ዳንቴሉም ቀዳዳ፤ ልዩነቱን ማን እንደደነገገው ጠይቄ የነገረኝ የለም። የኔ ትምህርት ዳዊት ከመድገም አላለፈም፤ ምናልባት ከዚያ በላይ ያለው ላይ ተጽፎ ይሆናል።

እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ኮብልስቶን የረገጠ ሁሉ አንድ ቀን የኔን እጅ ሥራ ረግጧል። ባለቤቴ ይታይሽ ደግሞ ዳንቴል ትሠራለች። ቴሌቪዥኑን አለበሰችው፣ ፍሪጁን አለበሰችው፣ የግድግዳውን ሰዓት ሳይቀር አለበሰችው፤ ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበስሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

አንዲት ልጅ አለችን፣ እናኑ። ቁንዝላ ላለ አስተማሪ ድረናት ብዙ ዓመት ሳትወልድ ቆየች። እናቷ ታዲያ ለእመቤታችን ተሳለች፦ «ልጅ ከሰጠሻት፣ ክርስትና የሚነሣበትን ልብስ በገዛ እጄ ሠርቼ አለብሰዋለሁ» ብላ። እናኑ አረገዘች። ይታይሽም ነጭ ክር ገዝታ ስስ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሕፃን ብርድ ልብስ ጀመረች። የመዳፍ ያህል እንደሠራች አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ሐኪሙ ቀስ እያለ ይመለሳል አለን፤ ስንት ቀስ እንደሚፈጅ ግን አልነገረንም።

ይታይሽ አላለቀሰችም። ኪሮሹን፣ ያቺን አፏ ቆልመም ያለች የዳንቴል መርፌዋን፣ ከክሩ ጋር ጠቅልላ ከሣጥን ከተተችና ዝም አለች። ይታይሽን የሚያውቅ ዝምታዋ ከእጇ ይልቅ ያስደነግጠዋል። አንድ ቀን ብቻ ግድግዳውን እያየች «እመቤቴ የሰጠችኝን በባዶ እጅ ልቀበል ነው» አለች። ስለት መብላት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ብድር ቢሆን ሰው ይለመናል።

ወደ ነፍስ አባታችን ሄድሁ። «አባ፣ በገዛ እጄ ብላ የተሳለችውን እኔ ብሠራው ስለቱ ይደርሳል?» አልኋቸው። ድንጋይ ጠራቢ መሆኔን ስለሚያውቁ እጄን ለጥቂት ጊዜ አዩት። «ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው ብዬ ያቆረብኋችሁ እኔ አይደለሁም? የሷ እጅ ደከመ። ያንተ እጅ የማን ነው?» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና «ኪሮሹን አምጪው» አልኋት።

«ምን ልታደርገው? ጥርስህን ልትጎረጉርበት?» አለች፣ ሳትስቅ።

«ልሠራበት።»

ከሣጥን አውጥታ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀላል ነው አለችኝ። ቀላል የሚባለው ቃል የሚችሉ ሰዎች ቃል ነው። ክሩን ጣትህ ላይ ጠምጥም፣ በኪሮሹ አፍ ያዘው፣ በቀለበቱ አሾልከው። መዶሻ የለመደ እጅ ግን ክርንም የሚይዘው እንደሚያመልጥ ሌባ ነው። የመጀመሪያው መስመር ከመጥበቁ የተነሣ ጥይት አያሳልፍም ነበር።

ደግሞ ቁጥሩ አለ። አንድ፣ ሁለት እያልሁ ስሄድ ዓይኔ ወደ እጇ ይሄድና ይጠፋብኛል። የወሩን ቀን ግን ተኝቼም አልስት፤ ስለዚህ በቅዱሳኑ መቁጠር ጀመርሁ። ልደታ፣ ታዴዎስ፣ በዓታ፣ ዮሐንስ፣ አቦ... እየተሳለምሁ እሄዳለሁ። ሥራው ጸሎትም ሆነልኝ።

«አሥራ ሁለተኛውን ዝለል፤ ቀዳዳው እሱ ነው» አለችኝ።

«ሚካኤልን?»

«ክሩን! መልአኩን ማን ዝለል አለህ!»

እሷ እንዲህ ትበል እንጂ እጄ እንቢ አለ። ሚካኤልን ዘልዬ የት ልገባ ነው? ለዛሬ ይለፈን ብዬ ሞላሁትና አሥራ ሦስተኛውን ልዝለል ብል እግዚአብሔር አብ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። እሱስ ይዘለላል? ወደ አሥራ አራት ብሸሽ አቡነ አረጋዊ። እንዲህ እያልሁ አንዱንም ሳላስቀይም ከዳር እስከ ዳር ደርሼ ብሰጣት፣ ዳንቴሉ መካከል ላይ አንድ ወፍራም፣ ቀዳዳ የሌለው መስመር እንደ ግንብ ተጋድሟል። ይታይሽ በግራ እጇ ዳሰሰችው። «ይኼ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኋት።

ሳቀች። እጇ ከታመመ ጀምሮ ሳቋን አልሰማሁም ነበር፤ ድምፁ ራሱ የረሳሁትን የጓዳ በር የከፈትሁ ያህል አስደነገጠኝ። ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «ስማቸውን ጥራ፤ ቦታውን ግን ባዶ ተውላቸው» አለች። «ቅዱሳኑስ የሚቀመጡበት አይፈልጉም?» ከዚያ በኋላ ቀዳዳ መተው መዝለል መሆኑ ቀረ። ወፍራሙን መስመር ልፈታው ስል ግን እጄን ያዘችኝ። «እሱን አትንካው። የሳቅሁበት ነው።»

ክሩ ሲያልቅ ገበያ ወረድሁ። ክር የምትሸጠው ዘሀራ፣ አባቷም አያቷም ነጋዴዎች የነበሩ ናት፤ ዓይኗ ሰው ይመዝናል። ሳትጠይቀኝ «ለሚስቴ ነው» አልኋት። «ወንዱ ሁሉ ለሚስቱ ነው የሚገዛው» አለችና ፈገግ ብላ ጠቀለለችልኝ። ያኔ አልገባኝም።

አሁን ጭንቀቴን ልንገራችሁ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ነው። በእኔ እጅ ፍጥነት አርባ ቀን ማለት ነገ ማለት ነው። እናኑ ደግሞ «እግዜር የሰወረውን በመሣሪያ አላይም» ብላ ምን እንደያዘች አልነገረችንም። ጎረቤቱ ሁሉ «ወንድ ያድርግላችሁ» ሲለኝ አፌ አሜን ይላል፣ ልቤ ግን «እመቤቴ፣ ሴት፣ አደራሽን ሴት» ይላል። ጎጃም ውስጥ ወንድ እንዳይሆንበት የለመነ አያት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አንድ ከሰዓት ጎረቤታችን አያ ዘለቀ በሩን ደበደበው። ዳንቴሉን እንዳለ ጋቢዬ ውስጥ ከተትሁና «ግባ» አልሁ።

«ምነው ሰሞኑን በር ዘግታችሁ? አረቄ ታወጣላችሁ እንዴ?»

ሳልመልስለት ስልኩ ጮኸ። አማቻችን ነው፤ ድምፁ ከቁንዝላ እስከ ባሕር ዳር ያለ ስልክም ይሰማል። «ወንድ ነው! ሁለቱም ደኅና ናቸው!» ይታይሽ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ «አርባ ቀን!» ብዬ ራሴን ያዝሁ።

«ተነሥ እንጂ፣ እቀፈኝ! ምን ሆነህ ነው?» አለ አያ ዘለቀ እጁን ዘርግቶ። እንዴት ልነሣ? «ወገቤን ነው» አልሁ። ጎንበስ ብሎ አቀፈኝና ዓይኑ ወደ መሬት ወረደ። ከጋቢዬ ሥር ነጭ ክር እስከ ደጃፉ ተጎትቷል። «ጋቢህ ተተርትሮልሃል» አለኝ አዝኖ። «ምስኪን! የይታይሽ እጅ ሲሻላት ትሰፋልሃለች።»

ከዚያ ወዲያማ ድንጋዩ ቀረ። ከውዳሴ ማርያም እስከ ማታ ልደታ፣ ታዴዎስ ነው። እሷ ከጎኔ ሆና በግራ እጇ ክሩን ትለቅልኛለች። የመጨረሻዋን ቋጠሮ የቋጠርሁት ወደ ቁንዝላ በሚወስደን ጀልባ ላይ ነው፤ በጋቢ ተከልዬ፣ ማዕበሉ እያንገላታኝ። ይታይሽ የክሩን ጫፍ ይዛ ትመለከተኝ ነበር። ቋጠሮው ሲጠብቅ «ደረሰ» አለች ብቻ።

ሕፃኑ ተጠምቆ ሲወጣ በዳንቴሉ ተጠቅልሎ ነበር። ሴቶቹ ከበቡት። «ይታይሽ፣ እጅሽ ይባረክ!» «በታመመ እጅ እንዲህ!» ይሏታል። እሷ ወደ እኔ አየች። ልትናገር ነው ብዬ ፈራሁ፤ ሳትናገር ስትቀር ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ከፋኝ። ታማሚዋን እጅ በግራዋ አንሥታ «አሜን፣ የሁለታችንንም ይባርክ» አለች። ሴቶቹ ሁለቱን እጆቿን ማለቷ መሰላቸው።

ዘወር ስል ከዋርካው ሥር አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ዱላውን ተደግፎ ያየኛል። ትከሻው የበሬ ነው፣ ሪዙ ሰው ያስፈራራል። መጀመሪያ ሕፃኑ ላይ ያለውን ወፍራም መስመር አየ። ቀጥሎ የኔን ሌባ ጣት አየ፤ ክሩ ሲመላለስበት ቦይ ያወጣበትን። ጠብ የሚፈልግ መሰለኝ። ቀስ ብሎ መጣና ከጋቢው ውስጥ የገዛ ጣቱን ብቅ አደረገልኝ። ቦዩ ከኔ ይጠልቃል። ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦

«ጣትህን ጋቢህ ውስጥ ክተት፣ ወንድም ዓለም፤ አንተ የተነቃብህ ቀን እኛም አለቀልን።»