በውክልና የተመረመረ አፍንጫ

ባሕር የሌለው ሕዝብ መርከብ አይሳፈርም ብለው የሚያስቡ ጨለምተኞች በየዘመኑ አይጠፉም። የከተማችን የእንስሳት ግብይት ጽሕፈት ቤት ግን ይህን ኋላ ቀር አመለካከት ከሥሩ ለመንቀል ቆርጦ የተነሣ አንጋፋ ተቋም ነው። ዝናብ ቢቀር፣ ኩሬ ቢደርቅ፣ ከብት በየመንገዱ ዳር ቢወድቅ፣ ዓይኑን ከባሕሩ ላይ ሳይነቅል የቆየበት ታሪክ ለትውልድ መተላለፍ አለበት። እኔ ጣዲቻ እባላለሁ፤ የጽሕፈት ቤቱ ሹፌር ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው። ያልታየውን ለመጻፍ ዲግሪ ይጠይቃል።

ኮሮና የሚሉት በሽታ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ራሺድ የሚባል የባሕር ማዶ ነጋዴ ፍየል የሚያቀርቡለትን ሁሉ ከጅቡቲ ተነሥቶ ቀይ ባሕር ላይ በሚዞር የመዝናኛ መርከብ ጋበዘ። ከእኛ ከተማ የጋበዘው የሴቶች ፍየል ሻጮች ማኅበርን ነበር፤ አራት ሰው። ግብዣው የሽርሽር ብቻ አልነበረም። በየወሩ ከማን ፍየል እንደሚወስድ እዚያው መርከቡ ላይ ፊት ለፊት ተነጋግሮ ሊዋዋል ነው። ከመርከቡ የቀረ ከውሉም ቀረ ማለት ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሶሬቲ ትባላለች። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ስለቀረባት ፍየሏን የምትቆጥረው በጎድን አጥንቱ ነበር። የቀሩት ሴቶችም እንደዚያው። ያ ፍየል በእግሩ መቆም ሳያቅተው ገዢ ካላገኘ፣ ሴቶቹ የሚሸጡትም የሚያልቡትም አይኖራቸውም። ስለዚህ ሶሬቲ ሦስት ጓደኞቿን መርጣ መንገድ ልትወጣ ተነሣች።

ጽሕፈት ቤቱ ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ አስቸኳይ ስብሰባም ጠራ።

«ሴቶቻችን ባሕር አይተው አያውቁም» አሉ ኃላፊያችን አቶ ወልደገብርኤል። «ባሕር ያላየን ሰው ብቻውን ባሕር ላይ መልቀቅ ከተቋማችን ራዕይ ጋር የሚሄድ አይደለም።»

እሳቸውም አይተው አያውቁም። ነገር ግን እሳቸው ያላዩት በኃላፊነት ደረጃ ነው።

በዚህ መሠረት የሦስቱ ሴቶች ቦታ ለአቶ ወልደገብርኤል፣ ለእንስሳት ሐኪሙ ለዶክተር በፍቃዱና ለሕዝብ ግንኙነቱ ለአቶ ፍቅሩ ተሰጠ። አራተኛውንም ቦታ ለመስጠት ሙሉ ዝግጁነት ነበር፤ ነጋዴው ግን ሶሬቲን በስሟ ስለጠራት ተቋሙ በታላቅ ትዕግሥት አለፋት።

ሶሬቲ ያን ቀን ከቢሮው ወጥታ እኔ ጋ መጣች። ጎማ እየነፋሁ ነበር።

«አካም ጣዲቻ፣ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ኦቦ ወልደገብርኤል ፍየል ሸጠው ያውቃሉ?»

«በልተው ያውቃሉ።»

ዝግጅቱ ወዲያው ተጀመረ። አቶ ፍቅሩ ጥቁር መነጽር ገዙና ቢሮ ውስጥም አላወልቅ አሉ። አቶ ወልደገብርኤል ደግሞ ማዕበል ሰውን ያጥወለውላል የሚል ወሬ ስለሰሙ፣ በእኔ መኪና የማዕበል ልምምድ እንዲደረግ መመሪያ ሰጡ። ወደ ፊልቱ በሚወስደው የተቦረቦረ መንገድ ሦስቱንም ኋላ አስቀምጬ በረርኩ። ጉድጓድ አላለፈኝም፤ አንዱን ተመልሼ ደገምኩት። አንድ ጊዜ ያቤሎ ለስብሰባ ሄደን ለእነሱ ሆቴል ተይዞ እኔን መኪና ውስጥ ያሳደሩኝን ረስቻለሁ። ሰው ቂመኛ መሆን የለበትም። ኃላፊው ከግራር ሥር ወርደው ሲያስመልሱ ዶክተር በፍቃዱ ጀርባቸውን እየመቱ «ልምምዱ ውጤታማ ነው» አሉ።

ሁሉ ነገር ከተሟላ በኋላ ከመርከቡ መልእክት መጣ። እያንዳንዱ መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የኮሮና ምርመራ አድርጎ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ካልያዘ አይሳፈርም ይላል።

ሀገር የተሸበረው «እያንዳንዱ» በሚለው ነው። ጽሕፈት ቤታችን ከተመሠረተ ጀምሮ የሚያውቀው «በአጠቃላይ» የሚለውን ነው። የሰው ልጅ እያንዳንዱ ሆኖ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ መመሪያ ወርዶልን አያውቅም።

ለማንኛውም ልዑኩን፣ ሶሬቲንም ጨምሬ፣ ጭኜ ጤና ጣቢያ ወሰድኩ። ምርመራውን የምትሠራው ነርሷ እሙሽ ናት፤ የወታደር ልጅ ስለሆነች ነገር አታረዝምም። አቶ ፍቅሩ በድፍረት ቀድመው ገቡ፤ ከመግባታቸው ፈጥነው ወጡ።

«ምን አዩ?» አሏቸው ኃላፊው።

«እንጨት።»

«ምን ያህላል?»

አቶ ፍቅሩ መነጽራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቁና በእጃቸው ለኩ። የለኩት የፍየል መጠበቂያ በትር ያህላል።

«የት ነው የሚገባው?»

«በአፍንጫ። እስከ ሐሳብ ድረስ።»

ልዑኩ ተመልሶ መኪናዬ ውስጥ ገባ። መስኮት ተዘግቶ ዝግ ስብሰባ ተደረገ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ነበርኩ፤ ሹፌር ደግሞ እንደ መቀመጫው ስለሚቆጠር ማንም ውጣ አላለኝም።

«እኔ ፈርቼ አይደለም» አሉ አቶ ወልደገብርኤል። «ግን ከሰሞኑ አፍንጫዬ ይረጥባል። ድንገት አለብህ ብትለኝ የተቋሙ ገጽታ ምን ይሆናል?»

ይህን ጊዜ ነው ዶክተር በፍቃዱ ጉሮሯቸውን የጠረጉት። ትልቅ ሐሳብ ሲወለድ ድምፅ አለው።

«ጓዶች፣ ሳይንሱን እንከተል። ሁለት መቶ ፍየል ሲመጣልኝ ሁለት መቶውን እመረምራለሁ እንዴ? አልመረምርም! ከአሥሩ ናሙና እወስዳለሁ። አሥሩ ጤነኛ ከሆነ መንጋው ጤነኛ ነው፤ ማኅተም መትቼ አሳልፋለሁ። እኛ አራት ነን። ከአራት አንድ ሰው ቢመረመር ሃያ አምስት በመቶ ነው። ለፍየል እንኳን ይህን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎ አያውቅም!»

ሁለቱ ባልደረቦቻቸው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ራሴ ሳላስበው ክላክስ ነካሁ።

«እና ናሙናው ማን ይሁን?» አሉ ኃላፊው።

ሦስቱም ኋላ ወደተቀመጠችው ወደ ሶሬቲ ዞሩ።

«ሴቶችን ወደፊት ማምጣት አለብን» አሉ አቶ ፍቅሩ፣ ድምፃቸው በስሜት እየተንቀጠቀጠ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ጽሕፈት ቤታችን ተረቱን አሻሽሎታል፤ ሎሚውን በሙሉ ለሶሬቲ፣ ጌጡን በሙሉ ለሦስቱ። «የተወካይዋ ውጤት የሁላችንም ውጤት ሆኖ ይቆጠራል» የሚል ውሳኔ ተጽፎ በሦስት ፊርማ ጸደቀ። ሶሬቲ ገባች፣ እንባዋን እየጠረገች ወጣች፣ ነፃ ተባለች። ሦስቱ እርስ በርሳቸው «እንኳን ነፃ ሆንን» ተባባሉ።

እሙሽ ግን ወረቀቱ ላይ የአራት ሰው ስም አልጽፍም አለች።

«እኔ የመረመርኩት አንድ አፍንጫ ነው።»

«እህቴ» አሉ ዶክተር በፍቃዱ፣ «የናሙና አወሳሰድ ተምረሻል?»

«ዶክተር፣ የመረመርኩት ሰው ነው።»

«መርሁ አንድ ነው።»

«እሺ፣ ውሳኔያችሁን ቅጂ ስጡኝና እዚህ ይቀመጥ። እኔ የምጽፈው ግን የሶሬቲን ስም ብቻ ነው።»

ቅጂውን በደስታ ሰጧት። ለሦስቱ ደግሞ ከቢሮ ደብዳቤ ተሠራ፤ ማኅተሙ ጽሑፉን እስኪሸፍነው ተመታበት። በማግስቱ ሌሊት አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ አደረስኳቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገረችኝ ሶሬቲ ናት። ሶሬቲ ስታወራ አትጨምርም፤ የሚያስቀውም ለዚህ ነው።

ጅቡቲ ወደብ ደረሱ። መርከቡ የከተማችንን ዋና መንገድ ከዳር እስከ ዳር ያህላል አለችኝ። በሩ ላይ አማርኛ የሚችል ተቆጣጣሪ ቆሟል። የሶሬቲን ወረቀት አየና አሳለፋት። አቶ ፍቅሩ ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ዘረጉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ውክልና ነው።»

«የምርመራ ወረቀትህ የታለ?»

«እሷ ተመርምራልናለች።»

«አፍንጫህ የታለ?»

«ይኸው።»

«ማን መረመረው?»

አቶ ፍቅሩ ወደ ሶሬቲ ጠቆሙ። ተቆጣጣሪው ሥራ ላይ መሳቅ ስለማይፈቀድለት ይመስላል፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ትንሽ ቆየ።

«በአፍንጫዋ ግቡ እንግዲህ» አለ ሲመለስ። «በእግራችሁ ግን አትገቡም።»

አቶ ወልደገብርኤል በውርደት ጊዜ ቆራጥ ናቸው። ሶሬቲን ከመወጣጫው ላይ ጠሯት።

«ወይዘሮ ሶሬቲ፣ ነይ ውረጂ! ልዑክ አይነጣጠልም። እኛ ካልገባን ማንም አይገባም።»

«ኦቦ፣ ፍየሉ እየሞተ ነው እኮ።»

«የተቋም ክብር ይቀድማል! ውረጂ ብያለሁ!»

ሶሬቲ ወደ ታች አየቻቸው፤ ወደ ላይ መርከቡን አየች። አንድ እግሯ አንዱ እርከን ላይ፣ ሌላው ሌላው ላይ ነበር። ያን ቀን ብትወርድ ከሴቶቹ ፊት ምን ይዛ ትቆም ነበር?

«አንቱ ራስዎ ወክለሽ ተመርመሪ ብለውኛል» አለች። «ተመርምሬ ከወከልኳችሁ፣ ገብቼም እወክላችኋለሁ። ምን ችግር አለው?»

ሶሬቲ ወጣች።

ሦስቱ ተመልሰው መጡ። የተዋረደ ኃላፊ ያፍራል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ሞኝ ነው። ሶሬቲ ውሉን ማግኘቷን፣ በየወሩ ከማኅበሩ ፍየል እንደሚጫን በስልክ ስታሳውቅ፣ አዳራሽ ተከፈተ፤ ወንበር የደረደርኩት እኔ ነኝ። አቶ ፍቅሩ መድረክ ላይ ወጥተው «ልዑካችን በተወካዩ አማካይነት መርከቡን በድል ተሳፍሯል» ሲሉ ጭብጨባ ሆነ። ለሦስቱም የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። አቶ ወልደገብርኤልማ ንግግር ሲያደርጉ ስለ ባሕሩ ነፋስ ጭምር አነሡ።

«እሷ ማለት እኛ ነን» አሉ፤ «እኛ ማለት እሷ!»

በሳምንቱ ሶሬቲ ገባች። ከውጭ የመጣ ሁሉ ስለሚመረመር ቀጥታ እሙሽ ጋ ሄደች። ሕመምም ሳልም የላትም፤ ውጤቱ ግን ፖዘቲቭ ሆነ። በእኛ ከተማ ለይቶ ማቆያ ተብሎ የተዘጋጀው ከፍየል ማቆያው ግቢ ውስጥ ያለው አዳራሽ ነው። ሶሬቲ ልብሷን ጠቅልላ ለብቻዋ ወደተለየላት ክፍል ገባች። ሴቶቹ አጥሩ ጋ ተሰብስበው ያጽናኗታል፤ እሷ በመስኮት ስለ መርከቡ ምግብ ትነግራቸዋለች።

ሦስቱም መጡ፤ ወረርሽኙን ለመቆጣጠር በሚል ከሩቅ ቆሙ።

«አንድም ሰው እንዳይጠጋት!» አሉ አቶ ወልደገብርኤል በማስካቸው ውስጥ። «ከማን ጋር እንደነበረች ተጣርቶ ሁሉም ይያዝ!»

እሙሽ ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ጋሼ፣ ‹የተወካይዋ ውጤት የሁላችንም ውጤት ሆኖ ይቆጠራል› ይላል። ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«ያ ለመሄጃ ነው!»

«መመለሻው የት ነው የተጻፈው?»

«ይህ የቃላት ጨዋታ ነው! እኛኮ መርከቡን በዓይናችን አላየንም!»

«ባለፈው ሳምንት አዳራሽ ውስጥ ነፋሱ ነክቶኛል አሉ እኮ» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊቀር ይችል ነበር። እሙሽ ግን ወደ ዶክተር በፍቃዱ ዞራ በአክብሮት ጠየቀች።

«ዶክተር፣ የማላውቀውን ልጠይቅዎት። ከመንጋ የተወሰደው ናሙና በሽተኛ ሆኖ ሲገኝ መንጋው ምን ይደረጋል?»

ዶክተር በፍቃዱ በሙያቸው የሚጠየቁት አልፎ አልፎ ነው። ደረታቸውን ነፉ፤ ጣታቸውን አነሡ።

«መንጋው በሙሉ ይታገዳል!» አሉ። «ያለ አንዳች ልዩነት!»

ሴቶቹ የማቆያውን በር ከፈቱላቸው።

ሶሬቲ ቀኗን ስትጨርስ ደግማ ተመረመረች፤ ነፃ ሆና ወጣች። ለሦስቱም እሙሽ እንጨቷን ይዛ ብትሄድ «በመጀመሪያ ተወካይ እንምረጥ» አሏት። ምርጫው ቀጠለ። አቶ ፍቅሩ ኃላፊው በአርአያነት ይቅደሙ ይላሉ፣ ኃላፊው ሳይንሱን ያመጣው ሐኪሙ ነው ይላሉ፣ ሐኪሙ የመንጋው ታናሽ ይመረመራል ይላሉ። ድምፅ ሲሰጥ ሁልጊዜ አንድ ለአንድ ለአንድ ይወጣል።

ይህ ሲሆን የውሉ የመጀመሪያ መኪኖች መጡ። ራሺድ በናሙና አልቀበልም ስላለ ፍየሎቹ ከአጥሩ ማዶ ተሰልፈው አንድ በአንድ ይመረመራሉ። አንዳንዱ ትንሽ ይጮኻል፤ ከዚያ ምልክቱ ጆሮው ላይ ተደርጎለት ወደ መኪናው ይወጣል። አቶ ወልደገብርኤል በአጥሩ ክፍተት አንገታቸውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩ።

«ጣዲቻ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እነዚህ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ መርከብ፣ ጌታዬ።»