ተቀምጠው የሚያተርፉ ባለአክሲዮኖች

ተቀምጦ የሚያተርፍ ሰው አይተው ያውቃሉ? ካላዩ ከሚሴ ይምጡ። የሰፈራችን ሰዎች፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የፈለሰፈውን በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ቻርጅ የሚሆን ሰዓት ከሚያመርት ድርጅት አክሲዮን ገዙ። ለሙከራ አንድ ሰዓት ተሰጣቸው። ግን ከቀትሩ ዙህር ሶላት እስከ ምሽቱ መግሪብ ጫት ላይ ናቸው፤ ከጉንጫቸው በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የላቸውም። ሰዓቱ በማናቸውም እጅ አልሠራ አለ።

በመጨረሻ ለታላቅ ወንድሜ ለሰኢድ አሰሩለት። ሰኢድ የከብት ደላላ ነበር፤ ሰንበቴ ገበያ ውስጥ እጁም እግሩም አያርፍም። ሰዓቱ ነፍስ ዘራ፤ እርምጃውንም ይቆጥር ጀመር።

ሰኢድ ባለፈው ወር ሞተ። እንዴት ልበል... ባለአክሲዮኖቹ ሊያጽናኑን ለተዕዚያ መጡ። ዱዓው እንዳለቀ ከመካከላቸው ኦቦ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ።

«አላህ ይርሀመው። ሰዓቱንስ ማን ያስረዋል?»

«ይቀመጥ፣ ኦቦ።»

«ከተቀመጠማ ቻርጁ ያልቃል፤ የቆጠረው ሁሉ ይጠፋል!»

የሰኢድ እርምጃ ሁሉ? አሰርኩት።

አሁን በየቀኑ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ እጄን እያወዛወዝኩ እሄዳለሁ። ኦቦ ሙሄ ከበረንዳቸው ሆነው «ጋሪዳ! ጥሩ ነው! ማሻ አላህ! ድርጅታችን አደገ!» ይሉኛል። ትርፉን እነሱ ይውሰዱት። እኔ ሰኢድ ካቆመበት ቁጥር ቀጥዬ እየተራመድኩ ነው።