ለእንግዳ የተጠረገው ረግረግ

ሀበሻ እንግዳ ሊመጣበት ሲል ቤት አያጸዳም፤ ማስረጃ ያጠፋል! ከተቆጣችሁ ተቆጡ። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር... የበሩ ደወል ሲጮህ ሶፋው ላይ የተከመረው ልብስ የት ነው የሚገባው? መኝታ ቤት። መኝታ ቤቱስ? ይቆለፋል። እንግዳው መታጠቢያ ቤት ፍለጋ የተሳሳተውን በር ሊከፍት ሲል ዘለን እጁን የምንይዘው ለምንድን ነው? ለንጽህና ነው እንዳትሉኝ!

ይሄ ጠባያችን ሳሎን ውስጥ ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ዘንድሮ ግን ሜዳ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው እዚህ ባሕር ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን የምሠራው አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ትንሽ የአካባቢ ጥበቃ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሮውን አስተዳድራለሁ። ሰው ሕንጻ ሊሠራ ሲያስብ የእኛ ሰዎች ሄደው መሬቱን ያያሉ፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚበቅልበት፣ የቱ ጋ መነካት እንደሌለበት አጥንተው ይጽፋሉ። የድርጅቱ ባለቤት ዳርሊን ትባላለች፤ ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት እዚህ አገር የነበረው የነባሩ ሕዝብ ልጅ ናት። የአፈር ባለሙያው ሬይ ደግሞ የአክስቷ ልጅ ነው።

ስለ ዳርሊን መጀመሪያ ለእድራችን ሰዎች ሳወራ የተጠየቅኩትን ብትሰሙ! «ላባ ታደርጋለች?» አለችኝ አንዷ። ዳርሊን የምታደርገው ጭቃ የጠገበ ቦት ጫማ ነው። ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መንገድ ሲዘጋባት የምታወርደውን ስድብ የሰማ ደግሞ ከላባ ይልቅ የንስሐ አባት ነው የሚመኝላት።

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ግን በቁም ነገር ጠየቁኝ።

«ሴትዮዋ እዚህ አገር መቼ ነው የመጡት?»

«አልመጡም፣ ጋሼ። የመጣነው እኛ ነን።»

«እሱስ ልክ ነሽ...» ብለው ትንሽ አሰቡ። «ወረቀታቸውስ አልቆላቸዋል?»

አሁን ለአፍታ ቀልዱን ላቁመው። የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ አልማዝ ያረፉ ጊዜ ለቀስተኛው አፓርታማ ውስጥ አልበቃ አለ። ድንኳን እንትከል ብንል የሕንጻው አስተዳዳሪ ከለከለን። ሰው ፓርኪንግ ሎት ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ተራ እየጠበቀ አለቀሰ። ጋሽ ታደሰ መስኮት ላይ ቆመው ያንን ሲያዩ የነበሩበትን ሁኔታ መቼም አልረሳውም፤ አንጀቴን ነው የበሉት። ከዚያ ወዲህ ሥራቸውም ሕልማቸውም የእድር አዳራሽ ሆነ። አዋጥተን፣ ለምነን፣ ተጣልተን ታርቀን አስፐን ሂል አካባቢ መሬት ገዛን። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ግን የመሬቱ ጥግ ረግረግ ስለሆነ ባለሙያ አይቶ የረግረጉን ድንበር ሳያሰምር የግንባታ ፐርሚት የለም አለ።

«ባለሙያማ አለኝ!» አልኩ እኔ። ዳርሊንም ቅዳሜ እንመጣለን አለች። ለጋሽ ታደሰ ደውዬ፣ «ምንም አታዘጋጁ» አልኳቸው። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው! ለሀበሻ «ምንም አታዘጋጁ» ማለት «በሬ ጣሉ» ማለት እንደሆነ እያወቅኩ!

ደግሞ ጋሽ ታደሰ ማን ሆኑና! አገር ቤት ሳሉ የአንድ መሥሪያ ቤት የእንግዳ አቀባበል ኃላፊ ነበሩ። ባለሥልጣን ሊጎበኝ ነው ሲባል አጥሩን በመንገዱ በኩል ብቻ የሚያስቀቡ፣ ሥር ይኑረው አይኑረው ያልታወቀ ችግኝ በአንድ ቀን የሚያስተክሉ ሰው ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ከዳርሊንና ከሬይ ጋር ደረስን። ከመኪና ስወርድ አድራሻ የተሳሳትኩ መሰለኝ። እስከ ወገብ ይደርስ የነበረው ቄጠማ የለም። ቁጥቋጦው እንደ ምልምል ወታደር ራስ ተላጭቷል። ኩሬው በጠጠር ተደፍኖ ድንኳን ተተክሎበታል። የወደቀው ትልቁ ግንድ የት ሄደ ብዬ ስፈልግ... ተፈልጦ ጥብስ እየተጠበሰበት ነው!

ዳርሊን አዲስ መሬት ስትረግጥ ለማንም ሳትናገር ጥቂት ዝም ብላ ትቆማለች። ልማዷ ነው። የዚያን ቀን ዝምታዋ ረዘም አለ። እድርተኛው የኅሊና ጸሎት መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። ያን ቀን ካደረግነው ሁሉ ተገቢው ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ረግረጉ ሞቶ ነበራ!

«ረግረጉ የታለ?» አለ ሬይ በመጨረሻ። ተረጎምኩ።

«አንድ ጠብታ አላስቀረንም! ጫማችሁ አይቆሽሽም!» አሉ ጋሽ ታደሰ ደረታቸውን ነፍተው።

«ይሄን ያደረገው ማነው?» አለች ዳርሊን።

የእድር ስብሰባ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰሀን ቢሰበር ሰባሪው አይገኝም። ያን ቀን ግን ተጠያቂው በዛ።

«ጠጠሩን በትራኬ ያመጣሁት እኔ ነኝ!»

«ግንዱን የፈለጥኩት እኔ!»

«ቄጠማውን ያጨድነው እኛ ሴቶቹ ነን!»

«ቄጠማው የት አለ?» አለ ሬይ።

ሁሉም ወደ ጫማው ጠቆሙለት። ድንኳኑ ውስጥ ለክብሩ ተጎዝጉዟል! ሬይ ጎንበስ ብሎ አንድ ዘለላ አነሣ፤ ሊያጠናው የመጣውን ተክል ሲረግጠው ነበር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላል ያገሬ ሰው።

ሬይ መሬት መሰርሰሪያውን አውጥቶ ጠጠሩን እንደ ምንም አልፎ ቆፈረ። ውሃ ቡልቅ ብሎ ወጣ።

«ባንቧ ነው! የካውንቲው ባንቧ ፈንድቶ ነው!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ዳርሊን ወደ እኔ ዞረች። «ጥጉን ብቻ አጥረው ከፊት ለፊቱ አዳራሻቸውን ይሥሩ ልል ነበር። አሁን ግን ያለ ፈቃድ ረግረግ ደፍነዋል፤ ሕግ ነው የጣሱት። ያየሁትን እጽፋለሁ።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እንዴት አድርጌ ልተርጉመው? «ጥቂት አስተያየት አላት» አልኩ። ጋሽ ታደሰ አገር ቤት ሰው ከሥራ የሚባረረው በዚህ ቋንቋ ስለነበር ወዲያው ገባቸው። ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ስሚ ልጄ፣ መጀመሪያ ይብሉ። የበላ ሰው ጨክኖ አይጽፍም።»

በላች። ደግሞም አስጨመረች! ሬይማ አይቡን ወደ ቤት የሚወስድበት ዕቃ ጠየቀ። የጋሽ ታደሰ ፊት መፍካት ጀመረ። ከዚያ ዳርሊን እጇን ጠርጋ ታብሌቷን አወጣችና እዚያው ማዕዱ ላይ መጻፍ ጀመረች።

«በልታ!?» አሉ ጋሽ ታደሰ። ጠዋት «እሳቸው» የነበረችው ሴት ከሁለተኛው ጭልፋ በኋላ «እሷ» ሆና አረፈችው።

ጠጋ ብዬ፣ «ኧረ ዳርሊን፣ በክፋት እኮ አይደለም፤ ሊያጸዱልሽ ብለው ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «የአያቶቼ መሬት ላይ ስንት ሰው ‹ላጸዳላችሁ ነው› እያለ የመጣ ይመስልሻል?»

አፈርኩ።

ጋሽ ታደሰ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እንግዲህ እኔንም ፓርኪንግ ሎት ላይ ልታለቅሱልኝ ነው» አሉ በቀስታ። ይህቺን ምንም ሳላለሰልስ ተረጎምኳት። የእትዬ አልማዝንም ነገር አከልኩበት።

ዳርሊን ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «የጻፍኩትን አልሰርዝም። ግን የደፈኑትን በፈቃዳቸው መልሰው ያወጡታል ብዬ እጨምራለሁ። ሬይ ያሳያችኋል። ረግረጉ ከተመለሰ አዳራሹም ይመለሳል።»

ካውንቲው ተስማማ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ያ ሁሉ ኩሩ ሕዝብ ያፈሰሰውን ጠጠር በባልዲ ሲለቅም ከረመ። ቄጠማውን ያጨዱት ሴቶች ቄጠማ ተከሉ። ሬይ «ቀስ!» የምትለዋን አማርኛ ተማረ፤ ሌላ ቃል አላስፈለገውም። አማካሪ ድርጅቱ ከእድራችን ቂም ሲጠብቅ ምግብ ይላክለት ጀመር። እንግዲህ ጉቦ ይሁን ፍቅር እንጃ።

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ሳለሁ ጋሽ ታደሰ ኮል አደረጉልኝ። ድምፃቸው ተጨንቋል።

«የካውንቲው ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው። ውሃው ተመልሷል፣ ቄጠማውም ይዟል። እንቁራሪት ግን የለም! የት ነው የሚሸጠው?»

«ጋሼ! እንቁራሪት አይገዛም!»

«እሺ፣ በማን በኩል ነው የሚጠራው?»

ዳርሊን አጠገቤ ነበረች። ስተረጉምላት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። «ንገሪያቸው፤ እንቁራሪት ጥሪ አይፈልግም። ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይመጣል።»

ነገርኳቸው።

«ሳይጠራ?»

«ሳይጠራ፣ ጋሼ።»

«ሳይጠራ የሚመጣማ ለቀስተኛ ነው፣ የእድር ሰው ነው!» አሉና ስልኩን ሳይዘጉ አብረዋቸው ላሉት ጮኹ። «በሉ እናንተ፣ ቦታውን ማንም እንዳይነካበት!»